ትልቅ ቴሌስኮፕ የሌለውም ሰው ኮከብ ያገኛል

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ አገራችን የሥነ ፈለክ ጥናት የወጣውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ በብዙ ነገር አስተማሪ ነበር፤ ዓምዱን ሳታቋርጡ በመቀጠላችሁም ላመሰግናችሁ እወዳለሁ። ይሁን እንጂ በመዝጊያው ላይ የሰፈረው አሳብ፣ እንደ እኛ ያለ አገር ግዙፍ ቴሌስኮፕ እስኪተከልለት ድረስ በሰማይ አካላት ግኝት ድርሻ ሊኖረው አይችልም የሚለው፣ ትክክል ስላልሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም። እኔ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ከተማሪዎቼ ጋር ስንከታተለው የቆየነውን አንድ የኮከብ ዓይነት ምሳሌ አድርጌ አሳቡ የሚስተው የቱ ላይ እንደሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ኮከቦቹ ሙሉ ስማቸው ረጅም ነው፤ መግነጢሳዊ መስክ ያላቸው፣ በኬሚካላዊ ይዘታቸው የተለዩ ተለዋዋጭ ኮከቦች ይባላሉ። በአማርኛ የተለመደ መጠሪያ ስለሌላቸው በክፍላችን «ልዩ ኮከቦች» እያልን እንጠራቸዋለን፤ በዚህ ደብዳቤም በዚሁ አጭር ስም እቀጥላለሁ። ክብደታቸው ከፀሐይ አንድ ተኩል እስከ አምስት ዕጥፍ ገደማ ሲሆን፣ ከፀሐይ ይልቅ የጋሉና ነጭ ወይም ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጡ ናቸው። በላይኛው ገጻቸው ላይ እንደ ሲሊከን፣ ክሮሚየም፣ ስትሮንቲየምና ዩሮፒየም ያሉ ንጥረ ነገሮች በፀሐይ ላይ ካለው መጠን በአሥርና በመቶ፣ አንዳንዶቹም ከሺህ በሚበልጥ ዕጥፍ በዝተው ይታያሉ። በዚህ የሙቀት ክልል ካሉት ኮከቦች መካከል ጠንካራ መግነጢሳዊ መስክ ያላቸው ከመቶ እስከ 10 እጅ ቢሆኑ ነው። መስኩ ከየት እንደመጣ፣ ኮከቡ ከተወለደበት ደመና የተረፈ ይሁን ወይም ሁለት ኮከቦች ሲዋሐዱ የተፈጠረ፣ ባለሙያዎቹ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ክርክሩን ለመፍታት የሚያስፈልገው ደግሞ በዕድሜም፣ በክብደትም፣ በዙረት ፍጥነትም የተለያዩ ብዙ ልዩ ኮከቦችን ማግኘትና መመዝገብ ነው። ስለዚህ አንድ አዲስ ልዩ ኮከብ ተገኘ ማለት ተራ ቁጥር ተጨመረ ማለት አይደለም።

የመጀመሪያው ልዩ ኮከብ እንዴት እንደተገኘ ላስታውስ፤ የክርክሬ መሠረት እርሱ ነውና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በአሜሪካ የሃርቫርድ የሥነ ፈለክ ማዕከል የኮከቦችን ስፔክትረም፣ ማለትም በየቀለሙ የተዘረጋውን ብርሃናቸውንና በላዩ ላይ የተሰመሩትን ጥቋቁር መስመሮች፣ በመስታወት ሳህን ላይ ፎቶግራፍ እያነሣ ያከማች ነበር። ሳህኖቹን እያነበቡ በየዓይነቱ የመመደቡ ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ነበር። ከእነርሱ አንዷ የነበሩት አንቶኒያ ሞሪ እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተሙት የደማቅ ኮከቦች ምድብ ውስጥ፣ ኮር ካሮሊ የተባለው ኮከብ የሲሊከን መስመሮቹ ከሚጠበቀው በላይ የጎሉ፣ የካልሲየም መስመሩ ደግሞ የደከመ መሆኑን ለይተው መዘገቡ። ሞሪ ይህን ያዩት ሌሎች ሰዎች ያነሡትን ሳህን በጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ መስመሩን ከመስመር እያስተያዩ በማንበብ ነው። ዛሬ «የሰማይ ቅኝት ዳታ» የምንለው ነገር ያን ጊዜ የመስታወት ሳህን ነበረ ማለት ይቻላል፤ ግኝቱ የአንባቢዋ ነው።

ኮር ካሮሊን አንባቢዎቻችሁም ሊያዩት ይችላሉ። በግንቦት ወር አጋማሽ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ዞሮ የቆመ ሰው የትልቁ ድብ ጅራት የሆኑትን ሦስት ኮከቦች ካገኘ በኋላ ከእነርሱ ከፍ አድርጎ ወደ መሐል ሰማይ ቢመለከት፣ ብቻውን ቆሞ የሚታየው መካከለኛ ድምቀት ያለው ኮከብ እርሱ ነው። ተማሪዎቼን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየኋቸው በትምህርት ቤታችን የስፖርት ሜዳ ላይ ሆነን ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሰማዩ እጅግ ጥርት ብሎ ነበር። ብርሃኑ በየ5.469 ቀኑ ከፍና ዝቅ እንደሚል ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ትኩር ብለው ተመለከቱት። ለውጡ ግን ከመቶ 10 እጅ ገደማ ቢሆን ነው፤ ዓይን አይለየውም። በሩሲያ የፑልኮቮ ማዕከል ባልደረባ የነበሩት ቤሎፖልስኪ የስፔክትረም መስመሮቹ በዚሁ የዙረት ጊዜ እንደሚደክሙና እንደሚበረቱ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1913 ሲሆን፣ ጉትኒክና ፕራገር የተባሉ የጀርመን ባለሙያዎች የብርሃኑን መጠን ለውጥ በፎቶኤሌክትሪክ መሣሪያ የለኩት በቀጣዩ ዓመት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ፈጠን ብዬ ልለፈው። አሜሪካዊው ሆራስ ባብኮክ እ.ኤ.አ. በ1947 ከፀሐይ ውጭ ባለ ኮከብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መግነጢሳዊ መስክ መለኩ፤ ኮከቡ 78 ቨርጂኒስ የተባለ ልዩ ኮከብ ነበር። በ1960 ደግሞ ኤችዲ 215441 በተባለው ኮከብ ላይ 34 ሺህ ጋውስ የሚደርስ መስክ አገኙ። ኮምፓሳችንን የሚያዞረው የመሬት መስክ ግማሽ ጋውስ ያህል መሆኑን ያስታወሰ ሰው የነገሩን ክብደት ይረዳዋል። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1950፣ ስቲብስ የተባሉ ሳይንቲስት የመስኩ ዋልታዎች ከኮከቡ የዙረት ዘንግ ጋር የማይገጥሙ፣ ወደ ጎን ያዘነበሉ ናቸው የሚለውን ማብራሪያ አቀረቡ። ጌጠኛ መሶብ በቦታው ሆኖ ሲዞር ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ጌጡን በየተራ እንደሚያየው ሁሉ፣ ኮከቡም ሲዞር አንዴ አንደኛውን ዋልታ፣ አንዴ ሌላውን ያሳየናል። መስመሮቹም፣ ብርሃኑም፣ መስኩም በአንድ የዙረት ጊዜ የሚለዋወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ጌጡ እንዴት ተሣለ የሚለው ጥያቄ ግን ቆም ብሎ ማሰብ የሚገባው ነው። ካናዳዊው ጆርጅ ሚሾ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት ዋናው ነገር ጸጥታ ነው። ጠላ በጋን ውስጥ ሳይነካ ሲቆይ አተላው እንደሚዘቅጥና ከላይ ያለው እንደሚጠራ፣ ጋኑን የሚያናውጠው ሰው ካለ ግን ተመልሶ እንደሚደፈርስ ሁሉ፣ ቀስ ብለው በሚዞሩና መግነጢሳዊ መስክ ገጻቸውን ባረጋጋው ኮከቦች ላይም ንጥረ ነገሮች በየመልካቸው ይለያያሉ። በጋኑና በኮከቡ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ በኮከቡ ውስጥ ከታች ወደ ላይ የሚገፋ ብርሃንም አለ። ሂሊየምን የመሰሉት ወደ ታች ሲዘቅጡ፣ ብርሃንን በብዙ መስመር የሚቀበሉት እንደ ክሮሚየምና ዩሮፒየም ያሉት በብርሃኑ ግፊት ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ። መግነጢሳዊ መስኩም በአንዳንድ ቦታ እያገዳቸው፣ በአንዳንድ ቦታ እየለቀቃቸው በኮከቡ ገጽ ላይ ንጥረ ነገሮች በብዛት የተከማቹባቸው ሰፋፊ ነቁጦች ይፈጠራሉ።

እነዚህ ነቁጦች ከፀሐይ ነቁጦች ጋር መምታታት የለባቸውም፤ በተማሪዎቼም በአንዳንድ የትምህርት መጻሕፍትም ላይ ይህን መምታታት አይቻለሁ። የፀሐይ ነቁጥ ከአካባቢው የቀዘቀዘ ስለሆነ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ በሳምንታትም ጠፍቶ ሌላው በሌላ ቦታ ይተካል። የልዩ ኮከብ ነቁጥ የኬሚካል ክምችት ነው። በነቁጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች ለዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ይውጡና ኃይሉን በሚታየው ብርሃን በኩል ይመልሱታል፤ ስለዚህ በአልትራቫዮሌት የጠቆረው ቦታ በሚታየው ብርሃን ደመቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ቼካዊው ይርዢ ክርቲችካና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ኤችዲ 37776 የተባለውን ኮከብ የብርሃን ለውጥ በሂሊየምና በሲሊከን ነቁጦቹ ስርጭት ብቻ አስልተው ከሞላ ጎደል ማስገኘት ችለዋል። ነቁጡን የያዘው መግነጢሳዊ መስክ ስለማይናወጥ ደግሞ ቅርጹ በዓመታትና በአሥርት ዓመታት ውስጥ አይለወጥም። ዛሬ ያየነው የብርሃን ውጣ ውረድ ከሃያ ዓመት በፊት ከነበረው ጋር በመልክም በሰዓትም ይገጥማል። ልዩ ኮከብን ለሚፈልግ ሰው ዋናው ምልክት ይህ ነው፤ ምልክቱን ለማንበብም ረጅም ዘመን የተቀመጠ መዝገብ ያስፈልጋል እንጂ ትልቅ የቴሌስኮፕ መስታወት አያስፈልግም።

መዝገቡን ያጠራቀሙት መሣሪያዎች ምን ያህል ትንንሽ እንደሆኑ በጽሑፋችሁ ላይ አልተነሣም፤ እኔ ግን አንባቢዎቻችሁ እንዲያውቁት አጥብቄ እመኛለሁ። በፖላንዳዊው ግዤጎሽ ፖይማንስኪ መሪነት በቺሊ የላስ ካምፓናስ ተራራ ላይ የተተከለው አሳስ የተባለው ቅኝት እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2009 የደቡቡን ሰማይና የሰሜኑንም ከፊል ሲመዘግብ የኖረው በፎቶግራፍ ካሜራ ሌንሶች ነው፤ የሌንሶቹ ስፋት 7 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ከቡና ስኒ ማስቀመጫ ብዙም የማይበልጥ ነው። በላ ፓልማ ደሴትና በደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ የተተከለው ሱፐርዋስፕም በየቦታው ስምንት ስምንት የካሜራ ሌንሶች የተደረደሩበት ነው። ኬልት የተባለው ደግሞ የሌንሱ ስፋት 4.2 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ሱፐርዋስፕና ኬልት የታነጹት በሌሎች ኮከቦች ዙሪያ የሚዞሩ ፕላኔቶችን ለማግኘት ሲሆን፣ በየሌሊቱ የመዘገቡት የሺዎች ኮከቦች ብርሃን ግን ለሌላውም ሥራ ሁሉ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ኅዋ የመጠቀው ቴስ የተባለው መንኮራኩርም አራት ካሜራዎች አሉት፤ የእያንዳንዱ ስፋት 10 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። እርሱም አንዱን የሰማይ ክፍል ለ27 ቀን ያህል ሳያቋርጥ ይመዘግባል፤ ዳታውን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ማውረድ ይችላል።

ከእነዚህ መዝገቦች ውስጥ ልዩ ኮከቦችን ከለቀሙት ሰዎች መካከል ክላውስ በርንሃርድና ስቴፋን ሁመሪች ይገኙባቸዋል፤ ሁለቱም ተለዋዋጭ ኮከቦችን በሚከታተሉ አማተር ማኅበራት ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። ከባለሙያው ከኤርንስት ፓውንዘንና ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሳስ መዝገብ ውስጥ ብርሃናቸው የሚለዋወጥ 323 ልዩ ኮከቦችንና ለልዩነት የታጩ ኮከቦችን ዘርዝረዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በቻይና ሺንግሎንግ የሚገኘው ላሞስት የተባለው ቴሌስኮፕ ካነሣቸው ስፔክትረሞች ውስጥ 1002 መግነጢሳዊ ልዩ ኮከቦችን ለይተው አቅርበዋል፤ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የማይታወቁ ነበሩ። ላሞስት በአንድ ጊዜ የ4000 ኮከቦችን ስፔክትረም የሚያነሣ ትልቅ ቴሌስኮፕ ስለሆነ «ይኸው፣ ትልቁ ቴሌስኮፕ አስፈለገ» የሚለኝ ሰው ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፤ ተክለው ያነሡት ቻይናውያን ናቸው። ያንን የተከማቸ ብዙ ስፔክትረም ለዚህ ጥያቄ ያነበቡት ግን በአውሮፓ በየቤታቸውና በየቢሮአቸው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ሞሪ በሃርቫርድ ጠረጴዛ ላይ የሠሩትም ይኸንኑ ነበር።

የለዩበት መንገድም የሚያስደስት ነው። የልዩ ኮከብ ስፔክትረም በ520 ናኖሜትር አካባቢ፣ በአረንጓዴው ብርሃን ላይ፣ ጎድጎድ ይላል፤ ጃፓናዊው ኮዳይራ እ.ኤ.አ. በ1969 ትኩረት የሳቡበት፣ ኦስትሪያዊው ሐንስ ሚካኤል ማይትዘን በ1976 በሦስት ማጣሪያዎች ብቻ የሚለካበትን ዘዴ ያወጡለት ምልክት ነው። በዚህ ዘዴ አንድ ኮከብ በአረንጓዴው ላይ የሚሰጠው ብርሃን ከግራና ከቀኙ ጋር ይነጻጸራል፤ ከመደበኛው ኮከብ ያነሰ ከሆነ ተጠርጣሪ ነው። ጋያ የተባለው የአውሮፓ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ባደረጋቸው ዝቅተኛ ጥራት ያላቸው ስፔክትረሞች ላይም ይኸው ጉድጓድ ይታያል። ጉድጓዱን ብቻ፣ ወይም የብርሃን ውጣ ውረዱን ብቻ ይዞ «ልዩ ኮከብ አገኘሁ» ማለት ግን አይገባም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ጥርጣሬው ወደ እምነት የሚቀርበው።

አሁን የራሳችንን ሥራ ልናገር። የትምህርት ቤታችን ኢንተርኔት እንዲህ ያለውን ዳታ ለማውረድ አቅም ስለሌለው፣ ቤቴ ሆኜ በሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል አወርድና በማግሥቱ በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ። ከትምህርት በኋላ በቤተ ሙከራው ውስጥ በአንዲት ላፕቶፕ ዙሪያ አምስት ስድስት ተማሪዎች እንሰበሰባለን። ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ የኮከቡን ብርሃን በየሰዓቱ በነጥብ ይሥላል፤ ነጥቦቹ የሚደጋገሙበትን የዙረት ጊዜ ፈልገን ካገኘን በኋላ ወረቀት እንደሚታጠፍ ግራፉን በዚያ የጊዜ ርዝመት ልክ እየደራረብን እናጥፈዋለን። የዙረት ጊዜው ትክክል ከሆነ የሺህ ነጥቦች ዝርክርክ ወደ አንድ የጠራ መስመር ይሰበሰባል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ተማሪ ፊቱ ላይ የሚነበበውን ነገር በቃላት ልገልጸው አልችልም።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር አንድ ኮከብ በ1.86 ቀን የዙረት ጊዜ አጥፈን፣ ለውጡ ከመቶ 3 እጅ ያህል የሆነ የሚያምር ግራፍ አገኘንና እኔ «በቃ፣ ይህ ነው» ብዬ መዝገብ ላይ ልጽፍ ስል አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ቲቸር፣ መስመሩ እኮ ሁለት ነው፤ አንዱ ዙር ከፍ ይላል፣ የሚቀጥለው ዝቅ ይላል» አለችኝ። ቀረብ ብዬ ሳየው ጉብታው ላይ ነጥቦቹ እንደ ቀጭን ፈትል ሁለት ቦታ ተለያይተዋል። የዙረት ጊዜውን ዕጥፍ አድርገን በ3.72 ቀን ስናጥፈው ሁለቱ ፈትሎች ተላቀቁ፤ አንዱ ጉብታ ከሌላው በጥቂቱ የሚበልጥ፣ ሁለት ጉብታ ያለው ግራፍ ሆነ። ኮከቡ በአንድ ዙር ሁለት ነቁጦችን ያሳየን ነበር፤ እኔ ደግሞ ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሬ የዙረቱን ጊዜ በግማሽ አሳንሼው ነበር። ኮምፒውተሩም ጠንካራው ምልክት 1.86 ነው ብሎ ነበር የነገረን። ስሕተቱን ያየችው የልጅቷ ዓይን ናት።

ቀጥሎ ከታተሙት ዝርዝሮች ጋር ስናመሳክር ኮከቡ ከዓመታት በፊት የታወቀ ልዩ ኮከብ መሆኑን፣ የዙረት ጊዜውም 3.72 ቀን ተብሎ መመዝገቡን አገኘን። ልጅቷ እጅግ አዘነች። እኔ ግን ከልቤ ደስ አለኝ፤ ስሟን በግኝት ላይ ለማስፈር ባንችልም፣ የሌላ አገር ባለሙያዎች የደረሱበትን ውጤት በራሷ ዓይን ደርሳበታለችና። ከዚያም የአሳስን የቆየ ዳታ አውርደን በዚሁ የዙረት ጊዜ ስናጥፈው፣ ነጥቦቹ የተበተኑ ቢሆኑም ሁለቱ ጉብታዎች በዚያው መልክ ተገኙ። ልጅቷ ገና ሳትወለድ ጀምሮ የተመዘገበ ብርሃን ነበር።

ሌሎችም መሳሳቻዎች አሉ፤ ሁሉንም መዘርዘር ደብዳቤውን ያረዝማል። የቴስ ካሜራ አንዱ ነጥብ 21 የቅስት ሰከንድ (አንዱ የቅስት ሰከንድ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) ያህል ሰማይ ስለሚሸፍን የጎረቤት ኮከብ ለውጥ የኛው መስሎ ሊታየን ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ሁለት ኮከቦችን ከዝርዝራችን ሰርዘናል። ተቀራርበው እርስ በርስ እየተሳሳቡ የሞላለሉ ጥንድ ኮከቦችም ሁለት ጉብታ ያለው ግራፍ ይሰጣሉ፤ ቀዝቃዛ ነቁጥ ያላቸው እንደ ፀሐይ ያሉ ኮከቦችም እንዲሁ፤ የእነዚህ ግን ከዓመት ዓመት መልኩን ይቀይራል። ከሁሉ ይልቅ ቀርፋፋዎቹን ልዩ ኮከቦች በአጭር መዝገብ ማግኘት አይቻልም። ሲዩ ቨርጂኒስ የተባለው ልዩ ኮከብ በ0.52 ቀን አንዴ ሲዞር፣ ጋማ ኢኩዌሊ የተባለው ደግሞ አንዱን ዙር ለመጨረስ ከ90 ዓመት በላይ ይፈጃል።

አፍሪካ በዚህ ጥናት ውስጥ እንግዳ አይደለችም። ዶን ከርትዝ በደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1978 ፕሺቢልስኪ የተባለውን ልዩ ኮከብ ሲከታተሉ ብርሃኑ በ12 ደቂቃ ገደማ ፈጣን ንዝረት እንዳለው አገኙ፤ ከዚያም አንድ ራሱን የቻለ የኮከብ ዓይነት ተመዘገበ። ለአገራችንም ከእንጦጦው ተራራ ላይ ከተተከሉት ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች በተጨማሪ፣ ጽሑፋችሁ ያልቆጠረው አንድ ሀብት አለን፤ እርሱም የቆምንበት ቦታ ነው። የዙረት ጊዜው ወደ 2 ቀን የተጠጋ ኮከብን ከአንድ ቦታ ብቻ የሚመለከት ሰው በየሌሊቱ እያፈራረቀ የሚያገኘው የዙሩን ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች ብቻ ነው፤ ቀሪው ሁልጊዜ ቀን ላይ ይውልበታል። ኢትዮጵያ በምሥራቅና በምዕራብ ባሉት ትልልቅ ማዕከላት መካከል ስለምትገኝ ክፍተቱን መሙላት ትችላለች። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ሰማያችንን እንደሚዘጋብን አልክድም፤ የቅኝት ዳታ ለሚያነብ ተማሪ ግን ሐምሌም እንደ ጥር ነው።

ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ2019 ኤችዲ 16175 ለተባለው ኮከብ «ቡና»፣ ለፕላኔቱም «አቦል» የሚል ስም እንድናወጣ ዕድል ሲሰጠን የነበረውን ደስታ አስታውሳለሁ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ተማሪዎቼ ግን ከዚያ አልፈው የሚጠይቁኝ «እኛስ መቼ ነው የምናገኘው?» እያሉ ነው፤ የጋዜጣችሁ አንባቢ የሆኑ ሌሎች ተማሪዎችም ይህንኑ እንደሚጠይቁ አልጠራጠርም። ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ በሳይንስ ዓምዳችሁ ላይ እነዚህ ዳታዎች የት እንደሚገኙና እንዴት እንደሚነበቡ በአማርኛ ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ ተከታታይ ጽሑፍ ብታወጡ፣ እኔ ያለኝን የማስተማሪያ ማስታወሻ ያለ ክፍያ እሰጣለሁ፤ ተለዋዋጭ ኮከቦች የሚመዘገቡበት ዓለም አቀፍ መዝገብም ከማንኛውም ጥንቁቅ ተመልካች፣ ማስረጃው ተመርምሮ፣ አዲስ ኮከብ የሚቀበል መሆኑ እንዲገለጽ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ይህ ደብዳቤ ስፔክትረም ማንሣት የሚችል መሣሪያ በእጃቸው ላለ የአገራችን ባለሙያዎች እንዲደርስ ነው። በዝርዝራችን ውስጥ አሁን አንድ ኮከብ ቀርቶናል። በቴስ ሁለት የተለያዩ ዓመታት መዝገብ ላይ የብርሃን ግራፉ አንድ ዓይነት ነው፤ የዙረት ጊዜው 4 ቀን ያህል ነው፤ በጋያ ስፔክትረም ላይም በአረንጓዴው አካባቢ ጎድጎድ ያለ ነገር የሚታየን ይመስለናል፤ በፈለግናቸው ዝርዝሮች ሁሉ ውስጥ ልዩ ኮከብ ተብሎ አልተመዘገበም። የሲሊከን ወይም የክሮሚየም መስመሮቹ መጉላት አለመጉላታቸውን የሚያሳየን አንድ ጥሩ ስፔክትረም ግን የለንም። ኮከቡ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት በምሽት ሰማያችን ላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ አቅጣጫውንና እስካሁን የሠራነውን ግራፍ ሁሉ ለጠየቀን ሰው ወዲያውኑ እንልካለን። የጉብታውን ሁለት ፈትል የለየችው ተማሪ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፤ ስፔክትረሙ ትምህርቷን ሳትጨርስ ቢገኝ እመርጣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የፊዚክስ መምህር
ደብረ ማርቆስ